የሰባቱ ቤት የግመል ተራ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት በመሥሪያ ቤታችን ግቢ ድንኳን ተተከለ። ሁለት ሙክት ተገዝቶ ለእስላሙ ለብቻ፣ ለክርስቲያኑ ለብቻ ታረደ፤ ከተበላ በኋላ ሥራ አስኪያጁ ተነሥቶ ንግግር አደረገ። ልጅ እግር ነው፤ መልካም ልጅ ነው፤ ግን ማውራት ይወዳል። ስለ እኔ ሁለት ቃል ተናገረና ወደ ራሱ ጉዳይ ገባ። ከመጪው ዓመት ጀምሮ የጭነቱ ሥራ ለውድድር ይከፈታል፣ ዝቅ ባለ ዋጋ እሠራለሁ ያለ ይወስዳል፣ በባቡርም በመኪናም እንዲህ ሲሆን ነው አገር የሚያድገው አለ። ሰዉ አጨበጨበ። እኔ እጄን ኪሴ ከትቼ ቁጭ አልኩ። ሚስቴ በክርኗ ጎሸም አድርጋኝ ምነው፣ ደግ ነገር አይደለም እንዴ ብላ አንሾካሾከች። ቤት ስንገባ እነግርሻለሁ አልኳት። አልነገርኳትም። ሳወራው እቆጣለሁ፣ ስቆጣ ደግሞ ደም ግፊቴ ይነሣል። ብጽፈው ይሻላል ብዬ ነው ብዕር ያነሣሁት።

ሥራ የጀመርኩት በመኪና አይደለም፤ በግመል ነው። ዛሬ ሸዋ ሮቢት አስፋልት ዳር ቆሞ ተሳቢ የሚቆጥር ጎረምሳ ይሄ አገር ዕቃውን በምን ይልክ እንደነበር አይጠይቅም። የቀወት ጥጥ፣ የይፋት በርበሬ፣ ከየገበያው የሚሰበሰበው ሌጦ፣ ሁሉም በግመል ጀርባ ወደ ደቡብ ወርዶ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ ከሰም ወንዝን ተሻግሮ አዋሽ ባቡር ጣቢያ ይደርስ ነበር። ከዚያ ባቡሩ ወደ ባሕር ይወስደዋል። ስንመለስ ጨውና አቡጀዲ ጭነን እንመጣለን። ባቡሩ የፈረንጅ ይሁን የንጉሥ ደንታ አልነበረንም። እኛ ካላመጣንለት ከዚህ አገር የሚጭነው እንደሌለው ግን እናውቅ ነበር፤ ኩራታችንም ይኼው ነበር።

ይህን ሥራ የያዙት ሰባት ቤቶች ናቸው፤ ግመል ያላቸው ሰባት አባወራዎች። ዋጋው ለሁሉም አንድ ነው፤ ማንም አይጨምር፣ ማንም አይቀንስ። ነጋዴው ጭነት አለኝ ሲል የሚጭነው ተራው የደረሰ ቤት ነው። ተረኛው ሐዘን ላይ ከሆነ ወይም ግመሉ ከታመመ ተራው አይዘለልበትም። ቀጣዩ ቤት ይጭንለታል፤ ገቢው ግን ለባለ ተራው ነው የሚገባ። መበለት እንኳ ባሏ በሞተ በዓመቱ ተራዋን ስትበላ አይቻለሁ። በወረቀት የተጻፈ ነገር የለም። ተራውን የሚይዙት ጋሼ እንድሪስ ነበሩ፤ የሚይዙትም በራሳቸው ጭንቅላት ነው። ሱብሂ ተሰግዶ ሲያበቃ የተረኛውን ስም ይጠራሉ፤ አለቀ፣ ደቀቀ። ሲሳሳቱ ሰምቼ አላውቅም።

ጋሼ እንድሪስ ያሠለጠኑኝ ሰው ናቸው። አባቴ ሁለት ግመል ትቶልኝ ሲሞት የአባቴን ተራ እኔ ወረስኩ፤ መጫን ግን አልችልም ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ትንሽ ጎበጥ ያሉ ሰው ናቸው። ሲናገሩ ድምፃቸው አይሰማም፤ ጠጋ ብለህ መስማት አለብህ። ጧት ጧት ግመሎቹ ካደሩበት ቦታ ዞር ዞር ብለው ኮቴያቸውን ያያሉ። የቱ እግሩን እንደጎተተ፣ የቱ በአንድ ጎኑ ብቻ እንደተኛ ከአፈሩ ላይ ያነቡታል። ከዚያ በየግመሉ ጀርባ የተነጠፈውን የሰሌን ምንጣፍ ገልጠው መዳፋቸውን ከሥሩ ይሰዳሉ። ትኩስ ቦታ ካገኙ ያቺ ግመል የዚያን ቀን ባዶዋን ትሄዳለች። ጭነቷን ሌሎቹ ይካፈሉላታል። ማን ምን ያህል ያዘ የሚል ክርክር የለም።

ከሁሉም በላይ የሚታወቁት በቋጠሯቸው ነው። ግመሏ ተንበርክካ ሁለቱ ጭነት ከግራና ከቀኝ ይቀርባል። ሁለቱንም እሳቸው ራሳቸው አንሥተው ይመዝናሉ፤ በሚዛን አይደለም፣ በክንዳቸው። ከዚያ ሁለቱን ወገን በአንድ መጫኛ ያያይዙና የመጨረሻውን ቋጠሮ ሲቋጥሩ የገመዱን ጫፍ አጥፈው ይሸጉጡታል። ያን ጫፍ አንዴ ሳብ ካደረግኸው ጭነቱ በሙሉ ከሁለት ወገን ዘርገፍ ይላል። ግመል ገደል ላይ ብትንሸራተት፣ ወንዝ ውስጥ ብትወድቅ፣ የሚያድናት ያ ጫፍ ነው። ዕቃ ቢረጥብ ይደርቃል፣ አፈር ቢነካው ይራገፋል ይሉ ነበር። በእርጥብ እጅ ቋጥር ይሉኛል፤ ዓይንህን ጨፍነህ ቋጥር ይሉኛል። አንድ ቀን ቋጠሮዬ ከእርስዎ አያንስም ብዬ ነጋዴዎች ፊት ጉራዬን ነፋሁ። ምንም ሳይሉ መጥተው ጫፉን ሳብ አደረጉት። አልተፈታም። በሁለት እጄ ስታገል ጆንያው ተተረተረና በርበሬው መሬት ላይ ፈሰሰ። እስከ ዙህር ሶላት እያስነጠስኩ ስለቅም ዋልኩ፤ እሳቸው ጥላ ውስጥ ተቀምጠው ያዩኛል፤ ነጋዴዎቹ በሳቅ ይንፈራፈራሉ።

እንዲህ ስጽፍ መልአክ እንዳይመስሏችሁ። ግትር ነበሩ። እኔ ሁለት ግመል ይዤ ተራዬ ሲደርስ የምጭነው የሁለት ግመል ጭነት ብቻ ነው። ስድስት ግመል ያለው ቤት በተራው የስድስት ይጭናል። አራት ዓመት ሙሉ ሁለት ግመል ላይ ቀረሁ። ግመል ተከራይቼ በተራዬ ስድስት ልጫን ብዬ ለመንኳቸው። ጀርባውን የማታውቀውን ግመል አትጭንም አሉኝ፤ በቃ፣ ነገሩ ተዘጋ። ወጣት ነበርኩ፤ ማግባት እፈልግ ነበር፤ ቂም ያዝኩባቸው። ይሄን ካልጻፍኩ የሚቀጥለው ነገር ውሸት ይሆናል።

ጣሊያን ሲገባ መጀመሪያ አልነካንም። ከዚያ ሮቢት ወንዝ አጠገብ በቆርቆሮ የተከደነ መጋዘን ሠራና የአገሩ ጥጥና ሌጦ ሁሉ እዚያ ይግባ ተባለ። የመጋዘኑን አለቃ ካፖ እንለዋለን። ላቡን በመሐረብ እየጠራረገ ረጋ ብሎ የሚያወራ፣ ሰው ላይ የማይጮህ ሰው ነበር። ሌሎቹ ጣሊያኖች ሰው ሲያስሩ፣ ሲገርፉ እያየን ይሄኛው የተሻለ ነው እንባባል ነበር። አስተርጓሚው ተሰማ የሚባል የደብረ ሲና ልጅ ነው። ቆላው አልስማማው ብሎ ሁልጊዜ ወባ ያንቀጠቅጠዋል፤ ጋቢውን ተከናንቦ ነው የሚያስተረጉመው።

አንድ ጧት ሰባታችንንም መጋዘኑ በር ላይ ሰበሰቡን። ካፖው ብዙ ተናገረ፤ ተሰማ አሳጠረው። ተራ የሚባል ነገር ቀርቷል፤ ገበያው ለሁሉም ክፍት ሆኗል፤ ከሁሉ ያነሰ ዋጋ የጠየቀ ብቻውን ውል ይዞ ይጭናል። ለእናንተም ጥቅም ነው፤ ጎበዙ ያድጋል፣ ሰነፉ ይቀራል አለን። ጋሼ እንድሪስ መለሱለት።

"ንገረው ተሰማ፤ ዋጋችን አንድ ነው። ተራው ደግሞ የሰይድ ቤት ነው።"

ሰይድ ከሰባቱ አንዱ ነው፤ ከእሳቸው በጥቂት ዓመት ያንሳል፤ የአራት ግመል ባለቤት፣ ቀልደኛ፣ ድምፁ የሚያምር ሰው። ሰሌኑን ሁሉ ጠግኖ፣ መጫኛውን ቅቤ ቀብቶ ተዘጋጅቶ ነበር። ካፖው ሲተረጎምለት ፈገግ አለና ወደ ውስጥ ገባ። እኛም ወደ የቤታችን ሄድን። ሦስት ሳምንት ማንም ጭነት አላነሣም። ጥጡ ተከመረ። ያን ጊዜ አንድ ላይ ነበርን። ወላሂ፣ ትንሽ ብንታገሥ ኖሮ ራሱ ይለምነን ነበር። ባቡሩ ጣቢያ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ ሌላ ግመል ከየት ያመጣል?

ከኔ አመጣ። በገበያ ቀን ተሰማ አገኘኝና ለብቻዬ ወሰደኝ። ካፖው ስድስት የአፋር ግመል ያከራይሃል፣ ዋጋ ዝቅ አድርገህ ብትፈርም የወቅቱ ጭነት በሙሉ ያንተ ነው አለኝ። አስብበት እንኳ አላለኝም፤ እኔም ላስብበት አላልኩም። ሰይድን አላሰብኩትም ብል እዋሻለሁ። አስቤዋለሁ። እሱ አራት ግመል አለው፣ ምን ይሆናል ብዬ ነው ያሰብኩት። በማግስቱ ሄጄ አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ ወረቀቱ ላይ አሳረፍኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማንም ሊያቆመው አልቻለም። በሚቀጥለው ውል ሌላው ቤት ከኔ ዝቅ አለ። እኔ ደግሞ ከሱ ዝቅ አልኩ። ሦስተኛው መጣ። መስጊድ ውስጥ ጎን ለጎን ቆመን እየሰገድን ስንወጣ አንተያይም ነበር። ተሰማ በየቤቱ እየዞረ እገሌ ይህን ያህል ብሏል እያለ ይነግረናል፤ ገሚሱ ፈጠራ ነው፣ ኋላ ነው የገባን። ዋጋው የግመሏን መኖ እስከማይሸፍን ድረስ ወረደ። ካፖው ግን አንድ ቀን እንኳ አልጮኸብንም። ዝቅ ያላሉት ጋሼ እንድሪስና ሰይድ ብቻ ናቸው። ሰይድ ተራዬ አልተነሣም፣ እጠብቃለሁ ይል ነበር። እየጠበቀ ግመሎቹን አንድ በአንድ ሸጠ። በመጨረሻ ቤቱን ዘግቶ ወደ አማቾቹ፣ ወደ አፋር በኩል ወረደ።

ጋሼ እንድሪስም ሸጡ። ሦስቱን ግመሎቻቸውን የገዛኋቸው እኔ ነኝ። አፍሬ በሌላ ሰው በኩል ነበር ያስገዛሁት፤ አወቁ። በሁለተኛው ቀን ጧት ግቢዬ መጥተው ግመሎቹ አጠገብ ቁጭ አሉ። ሊሰድቡኝ የመጡ መስሎኝ ደረቴን ነፋ አድርጌ ወጣሁ። ከግመሎቹ አንዷ ዳልቻ የምትባል አሮጊት ነበረች፤ እሷን እያሻሹ ቀና ሳይሉ ነው የነገሩኝ።

"ዳልቻ ግራ ትከሻዋ ቶሎ ይላጣል። ሌላ ሰው አያውቅላትም። እኔ ልንዳት።"

ያሠለጠኑኝ ሰው እንዲህ ሆነው ተቀጣሪዬ ሆኑ። ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ ነው ያለኝ፤ ምን ላድርግ? የጥበቡን ጌታ በርካሽ አገኘሁ ብዬ ነው የተኩራራሁት። ዛሬ ያን ቀን ሳስበው የራሴን ፊት በጥፊ ማለት ያሰኘኛል።

በዚያው ሰሞን ከአንድ የግመል ቅፍለት ሌጦ ጎደለ ተባለና ካፖው አዲስ ደንብ አወጣ። ጭነቱ መጋዘኑ ላይ ከታሰረ በኋላ ቋጠሮው በሽቦ ይጠመጠማል፤ የሽቦው ጫፍ በእርሳስ ይታሸጋል፤ እርሳሱ ላይ ማኅተም ይመታበታል። ጣቢያው ላይ ማኅተሙ ሳይነካ ካልደረሰ ውሉ ይፈርሳል። በዚያ ላይ የመድረሻ ቀን ተቆርጦ ተሰጠ። አንድ ቀን ማደር ቅጣት ነው። ወረቀቱን አነበቡልኝ፤ እሺ ብዬ ጣቴን አሳረፍኩ። ጋሼ እንድሪስ ሽቦውን በጣታቸው ይዘው ወዲያና ወዲህ አገላበጡት።

"ሙሄ፣ ይሄ በምን ይፈታል?"

ጣቢያው ላይ ይፈቱታል አልኳቸው።

"መሐሉ ላይስ?"

"ጋሼ፣ እርስዎ ግመሎቹን ይንዱ። ውሉ የኔ ነው።"

ይህን አልኩ። በዕድሜዬ ብዙ ክፉ ነገር ተናግሬአለሁ፤ ሰክሮ እንደተናገረ ሰው የረሳሁትም ብዙ ነው። ይሄን ግን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። እሳቸው ሽቦውን መለሱልኝና ዳልቻን ሊያንበረክኩ ሄዱ።

ከግመሎቹ ስምንቱን ጥጥ ጭነን ወረድን። ቆላው ደረቅ ነበር፣ ሰማዩ ጥርት ያለ። ከሰም ስንደርስ ፀሐይ አናት ላይ ናት። ውሃው ከቀድሞው ትንሽ ከፍ ብሏል፤ ቀለሙም ደፍርሷል። ድሮ ቢሆን አንከራከርም። ጋሼ እንድሪስ ውሃው ዳር እንጨት ይተክላሉ፤ ውሃው ከእንጨቱ እስኪሸሽ ድረስ ጭነት አራግፈን ጥላ ውስጥ እንቀመጣለን፤ አንድ ቀንም ሁለት ቀንም ቢሆን። ከላይ ደጋው ሲዘንብ ቆላው ላይ ጠብታ ሳይታይ ወንዙ ብቻውን እንደሚመጣ የይፋት ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እኔም አውቃለሁ። የቀረኝ ግን አንድ ቀን ተኩል ነበር።

"ሙሄ፣ ውሃው ጭራሮ ይዟል" አሉኝ።

ሰምቻለሁ፣ እንሻገር አልኩ። እንግዲያው አንድ አንዷን ለየብቻ እናሻግር አሉ። ጊዜ ይፈጃል ብዬ ስምንቱንም አፍንጫ ከጅራት እንደተቀጣጠሉ ነድቼ ገባሁ። ፊት ፊት የምሄደው እኔ ነኝ፤ እሳቸው ከመካከል ዳልቻን ይዘዋል።

ሦስቱ ግመሎች ወጡ። አራተኛዋ ዳልቻ ነበረች። መሐል ላይ ስትደርስ ድንጋይ ከዳት፤ በጎኗ ተኛች። ጥጥ ውሃ ሲጠጣ ምን እንደሚሆን ያየ ያውቃል፤ ድንጋይ ነው የሚሆን። ጭነቱ ወደ ታች ጎተታት፤ ከኋላዋ ያለችውንም ይዛት ሄደች። ጋሼ እንድሪስ እንደ ልማዳቸው ወደ ገመዱ ጫፍ ነው የተወረወሩት። ጫፍ የለም። ሽቦ ነው ያለው። ቢላዋቸውን አወጡ፤ ቢላዋ ገመድ ይቆርጣል እንጂ ሽቦ ምን ያደርገዋል? ጣቶቻቸውን ከሽቦው ሥር አስገብተው ሊፈለቅቁት ሞከሩ። በዚያች ቅጽበት ዳልቻ ተገለበጠች፤ ሽቦው ከነጣታቸው ተጠመዘዘ። እኔ በደረቴ ውሃ ውስጥ ገብቼ ስደርስ ወንዙ ለቋቸዋል፤ ሦስቱ የቀኝ እጃቸው ጣቶች ግን አልነበሩም። ተሸክሜ ወደ ዳር አወጣኋቸው። ጥምጣሜን ፈትቼ አሰርኩላቸው። አንድ ጊዜ ብቻ ዳልቻስ አሉ። ሄዳለች አልኳቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

መንገድ ላይ ያገኘናቸው የአፋር ሰዎች ቁስሉን አክመው በሰሌን ጎጇቸው አኖሩልኝ፤ አላህ ውለታቸውን ይክፈላቸው። እኔ የቀሩትን ስድስት ግመሎች ይዤ አዋሽ ገባሁ። ዘግይቼ ነበር፤ ሁለት ግመል ጎድሎኝ ነበር። የባቡሩ ጸሐፊ ኮፍያውን ደፍቶ ማኅተሞቹን አንድ በአንድ አየ። ከዚያ ከግድግዳው ላይ ጉጠት አውርዶ የመጀመሪያውን ሽቦ ቀጭ አደረገው። እንዲያው ቀጭ። ሁለተኛውንም ቀጭ። ቆሜ አየሁት። ይሄን የምታህል ብረት ናት፤ ኪስ ትገባለች። ለኛ ለምን አልሰጡንም ብዬ ጠየቅሁት። ጸሐፊው ሳቀ። ጉጠት ከያዛችሁማ ማኅተሙ ምን ይሠራል አለኝ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ወንድሜ፣ እነዚህ ጣሊያኖች ባቡራችንን ሊያደርቁት ነው፤ የመኪና መንገዳቸው እስኪያልቅ ነው በናንተ የሚጫወቱት አለኝ። ለመስማት እንኳ አቅም አልነበረኝም።

ጸሐፊው ያለው አልቀረም። ውሌ ፈረሰ፤ ግመሎቼ በቅጣት ተወሰዱ። ወዲያው የጣርማ በሩ ዋሻ ተከፍቶ መንገዱ ቁልቁል ሸዋ ሮቢት ደረሰና መኪኖቹ መጡ። መጀመሪያ ላይ ከግመል በረከሰ ዋጋ ጫኑ፤ ነጋዴው ፈነጠዘ። ጭነቱም ወደ አዋሽ መውረዱ ቀርቶ በደሴ አድርጎ ወደ ሌላ ወደብ ይሄድ ጀመር፤ ባቡሩ የኛን አገር ጥጥ ከዚያ ወዲያ አላየም። አንድ ዓመት ሳይሞላ በይፋት ቆላ ለጭነት የሚሆን ግመል ጠፋ፤ ያለው ተሸጦ ታርዷል ወይም በረሃ ገብቷል። ያን ጊዜ የመኪናው ዋጋ ወደ ላይ ወጣ። የቀወት ገበሬዎች መጋዘኑ በር ላይ ተሰብስበው ጮኹ። ተሰማ ጋቢውን እንደተከናነበ ወጥቶ፣ ካልተስማማችሁ በግመል ላኩ ሲላቸው እዚያው ቆሜ እሰማው ነበር። መኪና ላይ ዕቃ ጫኝ ሆኜ ተቀጥሬ ነበር፤ ጆንያ ትከሻዬ ላይ ነው።

ጣሊያን ሲወጣ መኪኖቹ ባለቤት ቀየሩ እንጂ እኔ ከጭነት አልወጣሁም። ደብረ ሲና ሁለት ክረምት በብርድ ተንቀጥቅጬ አሳለፍኩ። ካራቆሬ አንድ የመናዊ ቀጠረኝ። ደግ ሰው ነበር፤ ጭነት ሲቀበል ጥጡን ቆንጥሮ አፉ ውስጥ ያኝከዋል፤ እርጥበቱን በምላሱ ነው የሚለይ። ሲቆጣ በሦስት ቋንቋ ይሳደባል፤ የከፋውን ስድብ ግን ለአማርኛ ነው የሚያስቀምጠው። ከዚያ ማንበብና መጻፍ ተማርኩ፣ ጫኝነቱ ቀርቶ ተቆጣጣሪ ሆንኩ፣ ደመወዜም ልጅ ለማሳደግ በቃኝ። ሹፌሮቹ ተቆጪ ነው ይሉኛል። ገመድ እየፈታሁ ደግማችሁ እሰሩ ስለምላቸው ነው። ይበሉ።

ጣሊያን በወጣ በዓመቱ፣ ለረመዳን ጥቂት ቀን ሲቀር፣ ጋሼ እንድሪስ ዘንድ ሄድኩ። ረመዳን ሳይገባ የበደሉትን ሰው አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ ማለት የአገራችን ወግ ነው፤ እኔ ግን እስከዚያ ድረስ ድፍረት አጥቼ ነበር። ቤታቸው ደጅ ጥላ ላይ ተቀምጠው በግራ እጃቸው ማሽላ ይፈለፍላሉ። ገና ሲያዩኝ ቦታ ለቀቅ አድርገው ቁጭ በል አሉኝ። መቀመጥ አቃተኝ። ተንበርክኬ ጉልበታቸውን ያዝኩ። አለቀስኩ መሰለኝ።

"ጋሼ፣ አፉ ይበሉኝ።"

"የእጄን ነው?"

"አዎ።"

"የእጄን ያኔ ወንዙ ዳር አፉ ብያለሁ። አንተም ደረትህ ድረስ ገብተህ አውጥተኸኛል።"

እጃቸውን ልስም ስል አስቆሙኝ። የሚሉትን ለመስማት እንደ ድሮው ጠጋ አልኩ።

"የተራውን ግን አፉ ልልህ አልችልም። የኔ አይደለማ። የሰይድ ነበር፤ ከሰይድ ቀጥሎ የሁሉም ነበር። ባለቤቶቹን ፈልግ።"

ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አላነሡብኝም። ሁለት ዓመት ቆይተው ሞቱ። ስቀብራቸው የሚከነክነኝ ያው ቃል ነበር።

ፈለግሁ። ሥራዬ መንገድ ላይ ስለሆነ መፈለግ አላቃተኝም። አንዱን ካራቆሬ አገኘሁት፤ በአህያ ውሃ ይሸጣል። ነገሩን ሳነሣበት ከልቡ ሳቀ። አንተ መጀመሪያ ዝቅ አልክ፣ እኔ ሁለተኛ ዝቅ አልኩ፤ አንተን አፉ ብልህ እኔን ማን ይለኛል አለኝ። ውሃ ግን አጠጣኝ። ሌላውን አዋሽ ጣቢያ አየሁት፤ ተሸካሚ ሆኗል። ስሜን ስነግረው ጆንያውን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ ሄደ። እስከ ማታ ጠበቅሁት፤ አልተመለሰም። ሁለቱ ሞተዋል። የአንደኛው ልጅ ምን ዓይነት ተራ ነው የምትለው ብሎ ግራ ገባው፤ ስገልጽለት እያዛጋ ሰማኝ።

ሰይድን ግን ሠላሳ ዓመት አጣሁት። በአፋር በኩል እንዳለ እሰማለሁ፤ ስጠይቅ ሌላ ቦታ ሄዷል ይሉኛል። ጡረታ ከወጣሁ በሁለተኛው ወር አንድ ሹፌራችን፣ ጋሼ ሰይድ የሚባሉ ሽማግሌ ቀወት ውስጥ ልጃቸው ዘንድ መጥተዋል አለኝ። በማግስቱ ጧት ሄድኩ።

ልጃቸው ጎልማሳ ሴት ናት። ከውጭ ተቀብላኝ፣ አባባ ደህና ናቸው፣ ልባቸው ግን አንዳንዴ ይሄዳል፣ ሰው አይለዩም አለችኝ። ደጁ ላይ ቁርበት ተነጥፎላቸው ተቀምጠዋል። ሰውነታቸው አልቆ አጥንት ቀርቷል። ሰላምታ ሰጥቼ ስሜን ነገርኳቸው፤ አላወቁኝም። ቢሆንም የመጣሁበትን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገርኩ፤ መጋዘኑን፣ ውሉን፣ ጣቴን ማሳረፌን፣ የሳቸውን ጭነት ይዤ መውረዴን። አፉ ይበሉኝ አልኩ። ከዚያ ሁሉ ቃል አንዷን ብቻ ነው የያዙት።

"ከመጋዘኑ ነው የመጣኸው?"

አዎ አልኩ።

"ተራዬ ደረሰ?"

ልጃቸውን አየኋት። እሷም ታየኛለች። አልደረሰም ብላቸው ይሻል ነበር ይሆን? እኔ እንጃ። አንድ ጊዜ የነጠቅሁትን ሰው እንደገና አልደረሰም ልለው አፌ አልታዘዝ አለኝ።

"ደርሷል፣ ጋሼ ሰይድ" አልኩ።

ፊታቸው በራ። በሁለት እጃቸው መሬቱን ተመርኩዘው ተነሡ። ልጃቸው ልትይዛቸው ብትል አስለቀቋት፤ ሰሌኑን አምጪ፣ መጫኛው የት ነው እያሉ ይጣደፋሉ። ምን አሏቸው ብላ ተቆጣችኝ፤ እውነቷን ነው። እሳቸው ግድግዳውን ይዘው ከቤቱ ጀርባ ዞሩ፤ ተከተልኳቸው። ባዶ ግቢ ነው፤ አንድ የታሰረ ፍየል ብቻ አለ። ቆመው ከዳር እስከ ዳር አዩት። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። ያን ጊዜ ያወቁኝ መሰለኝ።

"ሙሄ" አሉኝ፣ "ግመሎቹን የት አደረስካቸው?"